በውርጭ መካከል «ሞቆኛል» የሚል ምስክር



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወጋው ስለ መጽሐፍና ስለ ትምህርት፣ ስለ ወጣትነት ጠባይና ስለ መሥሪያ ቤት ኑሮ ነው። ዛሬ ግን ከፈቀዳችሁልኝ የኮት እጅጌያችንን ሰብሰብ አድርገን በአንድ የናፍጣ ፒክ አፕ መኪና ኮፈን ሥር ጎንበስ እንበል። «እኛ የምንሄደው በታክሲና በአውቶቡስ ነው፤ የመኪና ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። መኪና እኔም የለኝም። ነገር ግን ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ዕቃ አንድን ቤተሰብ ላም ልታሸጥ ጥቂት ቀርቷት ስለ ነበረና በዚያም ጥፋት ውስጥ እኔ ራሴ ድርሻ ስለ ነበረኝ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አጎቴ የሚኖሩት በደብረ ብርሃን ነው። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭዋ ምን ያህል እንደሚያንዘፈዝፍ እዚያ ያደረ ሰው ያውቀዋል። አጎቴ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ከየገበሬው ደጅ ወተት እየሰበሰቡ በፒክ አፕ መኪናቸው ወደ መረከቢያው ያደርሳሉ። ወተት ደግሞ በመዝገብ ቤት እንዳለ ፋይል «ነገ ይታያል» ተብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ያረፈደ ወተት ይመለሳል፤ የተመለሰ ወተት ኪሳራው የማን እንደ ሆነ መናገር አያሻም።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሲጋመስ የመኪናው ጠባይ ተለወጠ። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ከብዙ ልመና በኋላ ነጭ ጢስ እየተፋ፣ ወባ እንደ ያዘው ሰው እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ቀኑን ሙሉ በአንድ ቁልፍ ሲነሣ ይውላል። በየጠዋቱ በዚህ ልመና የሚባክነው ጊዜ ወተቱን ማስመለስ ጀመረ።

አጎቴ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዱት። «ባትሪው ደክሟል» ተባለና አዲስ ባትሪ ተገዛ። ለውጥ አልመጣም። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። «ካንዴሌታዎቹ ተቃጥለዋል» ተባለና አራቱም ተለወጡ። አሁንም ያው ነው። በሦስተኛው ዘንድ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ ተሰካና «ኮምፒዩተሩ ምንም ጥፋት አላገኘም፤ እንግዲያውስ የቀረው የናፍጣ ፖምፓውና ኢንጄክተሮቹ ናቸው» ተባለ። የተጠየቀውም ገንዘብ የአንድ ጥሩ የወተት ላም ዋጋ ነበር።

አጎቴ በዚህ ጊዜ ስልክ ደወሉልኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ፊዚክስ የሚሉትንም ታስተምራለህ፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔ በዚያ ሰዓት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በማረም ላይ ነበርሁና ቸኩዬ፣ «ባለሙያው ከተናገረ ልክ ነው አጎቴ» አልኋቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንዲት ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለች። ያቺ የተጠቀለለች ቢጫ ምልክት ድሮ በብርድ ጊዜ ቆየት ብላ ነበር የምትጠፋው። አሁን ብልጭ ትልና ወዲያው ትጠፋለች» አሉኝ። «እሱ መብራት ብቻ ነው፤ አያስቡበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አንባብያን ሆይ፣ ይህችን መልሴን አደራ አትርሷት። ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ጥቂት ስለ ናፍጣ ሞተር እንነጋገር። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ የሚነሣ አይደለም። ፒስተኑ አየሩን በኃይል ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያ ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይነድዳል። ሌሊቱን በውርጭ ያደረ ብረት ግን ይህን ሙቀት እየሰረቀ ይወስደዋል። ስለዚህም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ካንዴሌታ የሚባሉት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች ፍም መስለው ይግሉና ማቃጠያውን ክፍል ያሟሙቁታል። በዳሽቦርዱ ላይ የምትታየው የተጠቀለለች ሽቦ የምትመስል ቢጫ ምልክት «ጥቂት ታገሥ፤ ገና እያሟሟቅሁ ነው» የምትል ናት።

ለስንት ሰኮንድ ማሟሟቅ እንደሚገባ፣ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚረጭና መቼ እንደሚረጭ የሚወስነው በዛሬዎቹ መኪናዎች የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ዕውር ነው። የሚያውቀው ሴንሰሮቹ የሚነግሩትን ብቻ ነው። ከእነዚህም አንዱ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ውስጥ ጫፉን ነክሮ የተቀመጠው የሙቀት ሴንሰር ነው። እሱ «ቀዝቅዣለሁ» ካለ ማሟሟቂያው ይረዝማል፣ ናፍጣውም ይጨመራል። «ሞቄአለሁ» ካለ ግን ማሟሟቂያው ያጥራል፣ ናፍጣውም ይቀነሳል።

እንግዲህ ሴንሰሩ በውርጭ መካከል ቆሞ «ሞቆኛል» ቢልስ?

ለገና በዓል ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። ላሚቱን የሚገዛው ሰው ከበዓሉ በኋላ እንዲመጣ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። የአጎቴ ባለቤት ስለ ላሚቱ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ነገር ግን ማታ ሲያልቧት አንገቷን ደባበስ እያደረጉ ዝም ማለታቸውን አየሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ወደ መኪናው ገባሁና ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞርሁት። ቢጫዋ ምልክት ብልጭ አለችና ጠፋች። እጄ ከብርዱ የተነሣ ቁልፉን ለመያዝ እንኳ እንቢ እያለ፣ መኪናው «ማሟሟቅ አያስፈልገኝም» እያለኝ ነው! አጎቴ በስልክ የነገሩኝ ቃል በዚያን ጊዜ እንደ ጥፊ ፊቴን መታኝ።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ይህን ነገር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ የማስተምረው መሆኑ ነው። ማይክል ፋራዴይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. የብር ሰልፋይድ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን ከፊተኛው ይልቅ በቀላሉ እንደሚያሳልፍ አስተውሎ ነበር። በሙቀት ሴንሰር ውስጥ ያለችው ቴርሚስተርም በዚሁ ጠባይ የምትሠራ ናት። ስትቀዘቅዝ ሬዚስታንስ የምንለው ኤሌክትሪክን የመቋቋም ኃይሏ ይጨምራል፤ ስትሞቅ ይቀንሳል። ይህን ለተማሪዎቼ በሥዕልና በቀመር አስረድቻለሁ፤ ፈትኜበታለሁ፤ የተሳሳተውንም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤበታለሁ። በአጎቴ መኪና ውስጥ ባገኛት ግን አላወቅኋትም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንደኔ ላለው ዕውቀት ሳይሆን አይቀርም።

ከሠፈሩ አንድ ወጣት መካኒክ አስጠራንና ማንበቢያ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ሞተሩን ሳናስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍተን ሁለት ነገር እንዲያነብልኝ ለመንሁት። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 6 ዲግሪ ሆነ። የማቀዝቀዣው ውኃ ግን 69 ዲግሪ! ወጣቱ ሣቀ። «መምህር፣ ሌሊቱን ደጅ ያደረ ሞተር እንዴት ብሎ ሻይ ያፈላል?» አለ።

ይህን ፈተና ማንም ሰው ሊያስታውሰው ይችላል። ሌሊቱን የቆመ ሞተር ውኃውም፣ አየሩም፣ ብረቱም በአንድ ሙቀት ላይ ሊገኙ ይገባል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ እጅግ ከራቀ ጥርጣሬው በእሱ ላይ ይወድቃል። «ታዲያ ኮምፒዩተሩ ጥፋት አላገኘሁም ያለው ስለ ምን ነው?» ብትሉ፣ ኮምፒዩተሩ በቀላሉ የሚይዘው ሊታመን የማይችለውን ነገር ነው። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ፈጽሞ ቢነካካ የኮድ ቁጥር ያወጣል፤ ፒ0117 እና ፒ0118 የሚባሉት ለዚህ የተመደቡ ናቸው። 69 ዲግሪ ግን ለሞተር የተለመደ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለው የሚመስል ውሸት ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። የተታለለው ራሱ መታለሉን እንዴት ይመስክር? በአንዳንድ መኪና ደግሞ የዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌ የራሱ የሆነ ሌላ ሴንሰር ስላለው፣ መርፌው እውነቱን እያሳየ ኮምፒዩተሩ ሲሳሳት ሊኖር ይችላል።

ነገር ግን ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። ሦስት ጋራዥ በጥርጣሬ ገንዘብ አስወጥቷል፤ እኔም አራተኛው መሆን አልፈለግሁም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላልና መለካት ጀመርን።

አንደኛ፣ የሴንሰሩን መሰኪያ ነቀልነው። እኔ ሽቦውን ይዤ ስጎትት ወጣቱ እጄን ያዘና፣ «ኧረ መምህር፣ ሽቦውን አይጎትቱ፤ መቆለፊያውን ይጫኑት» አለኝ። በአንድ ጣት ጫን ሲያደርገው ወለል ብሎ ወጣ። መሰኪያው ሲነቀል ማንበቢያው ወዲያው 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች አሳየ። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ሽቦው ባዶ መሆኑን ኮምፒዩተሩ አይቷል ማለት ነውና።

ሁለተኛ፣ በቴስተር መሰኪያውን ለካነው፤ 5 ቮልት ተገኘ። እንግዲህ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ደኅና ነው።

ሦስተኛ፣ ሴንሰሩን ራሱን ለካነው። የዚህ ዓይነቱ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ሊያሳይ ይገባዋል። በዚያ ብርድ ከ4000 ኦም በላይ መሆን ሲገባው የእኛው 450 ብቻ አለ። ምስክሩ በዚህ ተያዘ።

በዓሉ አልፎ ሱቅ ሲከፈት አሮጌውን ሴንሰር ፈትተን ይዘን ሄድን። የሚገዛው ዕቃ በክሩና በመሰኪያው ብቻ መመሳሰሉ አይበቃም፤ መሰኪያው ገጥሞ የኦሙ መጠን የተለየ ሊሆን ይችላልና በላዩ የተቀረጸው ቁጥር መመሳሰል አለበት። አዲሱን ገዝተን ስንመለስ ወዲያው አልገጠምነውም። የአጎቴን ባለቤት አንድ ድስት ለመንኋቸው። «ደግሞ ብረት ልትቀቅሉ ነው?» አሉ እየሣቁ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱንም ሴንሰሮች የናሱን ጫፋቸውን ብቻ ውኃው ውስጥ ነክረን፣ መሰኪያቸውን ከውኃው በላይ አድርገን፣ በቴርሞሜትር እየተከታተልን አሞቅናቸው።

በ20 ዲግሪ አዲሱ 2450 ኦም ሲል አሮጌው 415 አለ። በ80 ዲግሪ አዲሱ 320፣ አሮጌው 195። ውኃው በ90 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ጀመረ፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ ተማሪዎች ታውቃላችሁ።

እነዚህን ቁጥሮች አስተውሉ። አሮጌው ሴንሰር አልሞተም፤ ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። ነገር ግን በብርድ ጊዜ ውሸቱ እጅግ የበዛ፣ በሙቀት ጊዜ ግን ያነሰ ነው። ይህም የሆነው የሴንሰሩ ሽፋን ተሰንጥቆ እርጥበት ገብቶበት ስለ ነበረ ነው፤ በመሰኪያው ሥር አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮ አየን። እርጥበቱ ለኤሌክትሪኩ በቴርሚስተሯ ጎን ሌላ አቋራጭ መንገድ ከፈተለት። ዋናው መንገድ ሲጠብብ ሁሉም በአቋራጩ ያልፋል፤ ዋናው ሲሰፋ ግን አቋራጩ ያን ያህል አይታወቅም። በትምህርት ቤት «ጎን ለጎን የተያያዙ ሬዚስተሮች» የምንለው ምዕራፍ ይኸው ነው። መኪናው ጠዋት ታሞ ከሞቀ በኋላ የሚድንበት ምሥጢርም ከዚህ ይገኛል።

መለወጡ ከመመርመሩ ይልቅ ቀላል ነበር። ቢሆንም ሥርዓት አለው። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ ውስጡ ታምቆ ያለው የጋለ ውኃ ፊት ያቃጥላል። የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል። ከማቀዝቀዣው ውኃ ጥቂት በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። ሴንሰሩ በረጅም ቡሶላ ይፈታል፤ የእኛው ባለ 19 ነበር። አዲሱ ከአዲስ ቀለበቱ ጋር በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በመፍቻ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ጉልበት አይታይበት፤ የሚገባበት ብረት ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለ ሆነ ክሩ ቶሎ ይበላል። እኔ አንድ ጊዜ ላጠብቅ ብዬ ስቃጣ ወጣቱ መካኒክ በትሕትና መፍቻውን ከእጄ ወሰደው፤ ደግ አደረገ። የተቀዳው ውኃ ተመልሶ ይሞላል፤ የጎደለውም በተራ የቧንቧ ውኃ ሳይሆን በተገቢው ማቀዝቀዣ ይሟላል። በመጨረሻም ሞተሩ ተነሥቶ አየሩ እስኪወጣና ውኃው እስኪስተካከል ይጠበቃል።

በማግስቱ ሳይነጋ ሁላችንም በመኪናው ዙሪያ ቆምን። ባለቤታቸው እንኳ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። አጎቴ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞሩት። ቢጫዋ ምልክት በራች፤ ቆየች፤ አሁንም ቆየች፤ ከዚያም ጠፋች። «አሁን ገና ተመለሰች» አሉ አጎቴ። ቁልፉን ሲጨርሱት ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። እኔ ያለቀስሁ በብርዱ ምክንያት ነው ብያለሁ፤ እናንተም ይህንኑ እመኑልኝ።

የሴንሰሩ ዋጋ ያለ ጥቅም ከተገዛው ባትሪ ዋጋ እንኳ አይደርስም ነበር። የጋራዦቹን ስም አላነሣም፤ ከእኔ የበለጠ ጥፋት የለባቸውምና። እነሱ አላዩም፤ እኔ ግን ተነግሮኝ አልሰማሁም። አጎቴ ስለ ቴርሚስተር አንድ ቃል አያውቁም፤ ነገር ግን በየጠዋቱ ከዚያ መኪና ጋር ሲኖሩ አንዲት ምልክት ድሮ ስንት ጊዜ ትቆይ እንደ ነበረ ዓይናቸው መዝግቦ ይዟል። ትክክለኛውን ማስረጃ ያመጡት እሳቸው ናቸው። «እሱ መብራት ብቻ ነው» ብሎ ማስረጃውን የጣለው የተማረው ሰው ነው።

እናንተ በቢሮ ያላችሁ ወጣቶች ይህ ነገር ከመኪና ውጭም የሚያጋጥም መሆኑን ሳታውቁ አትቀሩም። በየጠረጴዛችሁ ላይ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል ሪፖርት ይመጣል። ቁጥሩ የተለመደ ነው፤ የሚያጠራጥር ነገር የለበትም። ከደጅ ግን አንዲት ባለ ጉዳይ ቆማ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ትላለች። በዚያን ጊዜ የማንን ቃል መመርመር እንደሚገባ አስቡ። ባለ ጉዳይ ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሳይለኩ ማሰናበት ግን ልክ አይደለም። እናንተም ተማሪዎች፣ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ስትገለብጡ ይህ ነገር በቤታችሁ ውስጥ በየትኛው ዕቃ እንደሚገኝ አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ መምህራችሁ ካላወቀም አብራችሁ ፈልጉት። የእጅ ሥራ የሚሠራውንም ሰው አትናቁ። እኔ ቀመሩን ባውቅ፣ መሰኪያው እንዴት እንደሚነቀል ያወቀው ያ ወጣት ነው።

ላሚቱ ዛሬም በአጎቴ በረት አለች። በሄድሁ ቁጥር ባለቤታቸው አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጡኝና፣ «እንካ፣ ይህ የዚያች ብረት ነው» ይሉኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።